ያስረፈደን ሞገድ

መስከረም 3 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ሰኞ ዕለት፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ላይ እርስዎ ተለጥጠው ነበር። ወዲያው ተኮማተሩ፤ እንደገና ተለጠጡ። አዲስ ዓመት ከገባ ገና ሦስተኛ ቀኑ ስለነበር ምናልባት የበዓሉን ዶሮ ትራፊ እያሞቁ ይሆናል፤ ምናልባትም ኮትዎን የቢሮ ወንበር ላይ ሰቅለው «አሁን መጣሁ» ብለው ወጥተው ይሆናል። የሆነው ሆኖ ቁመትዎ ዘለግ ሲል ወገብዎ ቀጠነ፤ ቁመትዎ ሲያጥር ወገብዎ ሰፋ። ይህ ሁሉ በሰከንድ አንድ አምስተኛ ውስጥ ተፈጽሞ አለፈ። እርስዎ አላወቁም፤ ጎረቤትዎም አላየም። የእኛ ሰፈር ጎረቤት ያላየው ነገር ካለ ደግሞ ያ ነገር በእርግጥ ረቂቅ ነው ማለት ነው።

ያለፈብን የስበት ሞገድ ነበር። ከ1.3 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ምድራችን ላይ እንኳን ሰው ሣርም ሳይበቅል፣ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች እርስ በርስ ሲዞሩ ሲዞሩ ኖረው ተላተሙና አንድ ሆኑ። አንደኛው የፀሐያችንን 36 እጥፍ ይመዝን ነበር፤ ሌላኛው 29 እጥፍ። ተዋሕደው የወጣው ግን 62 ነው። ሂሳብ የሚወድ አንባቢ ወዲያው «ሦስቱስ የት ገባ?» ማለቱ አይቀርም። ሦስት ፀሐይ ጎድሏል! በእኛ አገር ቢሆን አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋም ነበር፤ ኮሚቴውም ውሎ አበል ይጠይቅ ነበር። እዚያ ግን ጉድለቱ ተወራርዷል። ሦስቱ ፀሐይ ወደ ኃይል ተለውጦ፣ ቦታንና ጊዜን ራሳቸውን እያርገበገበ፣ በብርሃን ፍጥነት ወደየአቅጣጫው ወጣ። ከዚያ ውስጥ ለእኛ የደረሰችን ቅንጣት ናት ያን ሰኞ በምሳ ሰዓት በላያችን ያለፈችው።

ሞገዱን የተቀበሉት አሜሪካ ውስጥ ያሉ፣ ላይጎ የሚባሉ ሁለት የስበት ሞገድ ማዳመጫ ጣቢያዎች ናቸው፤ አንዱ በዋሽንግተን ግዛት ሃንፎርድ፣ ሌላው በሉዊዚያና ሊቪንግስተን። በመካከላቸው 3,000 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። እያንዳንዱ ጣቢያ 4 ኪሎ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ክንዶች በቀጤ ማዕዘን ዘርግቶ፣ በሁለቱም ውስጥ የሌዘር ብርሃን እያመላለሰ «ከሁለታችሁ ማን ረዘመ? ማን አጠረ?» ሲል ውሎ ያድራል። በዚያን ዕለት ክንዶቹ ላይ የታየው ለውጥ በአቶም እምብርት ውስጥ ካለችው ከአንዲት ፕሮቶን ስፋት እንኳ በመቶዎች እጥፍ ያነሰ ነበር። ያችን ለውጥ መለካት ተችሏል። መጀመሪያ ሊቪንግስተን ሰማ፤ ከ7 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ሃንፎርድ ሰማ። 1.3 ቢሊዮን ዓመት መንገድ ላይ የከረመ እንግዳ በሁለቱ ቤቶች መካከል የለየው 7 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። እሷም ብትሆን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው መሻገሪያ ናት። «መንገድ ተዘጋግቶብኝ ነው» አላለም።

ይበልጥ የሚገርመው ደግሞ ቀድሞ መምጣቱ ነው። ጣቢያዎቹ ለዓመታት ሲታደሱ ቆይተው በይፋ ሥራ የሚጀምሩት ከአራት ቀን በኋላ ነበር። ባለሙያዎቹ ገና የመጨረሻ ፍተሻ ላይ ናቸው። እስቲ አስቡት፤ ወንበሩ ተደርድሮ ሳያልቅ፣ ድምፅ ማጉያው «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ቴስት» እየተባለ ሳለ፣ የክብር እንግዳው ከነሙሉ ክብራቸው ከተፍ ሲሉ! በእኛ የስብሰባ ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ ያውቃል ብሎ የሚምል ሰው አላገኘሁም።

ታዲያ ሰዓቱን አክብሮ፣ አልፎም ቀድሞ የመጣውን እንግዳ እንዴት ተቀበሉት? አልተቀበሉትም። ምልክቱን መጀመሪያ ያየው ጀርመን ሃኖቨር ውስጥ ይሠራ የነበረ ማርኮ ድራጎ የተባለ ወጣት ተመራማሪ ነው። ምልክቱ ከማማሩ የተነሳ አላመነውም። ከባልደረባው ጋር ሆኖ ወደ ጣቢያዎቹ እየደወለ «የሙከራ ምልክት ያስገባ ሰው አለ ወይ?» ሲል ጠየቀ። እውነት ለመናገር ጥርጣሬው መሠረት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2010 የላይጎ አለቆች ሠራተኛው ንቁ መሆኑን ለመፈተን በድብቅ የሐሰት ምልክት አስገብተው፣ ሳይንቲስቶቹ ለወራት ሲያጠኑት ቆይተው፣ የምሥራች ጽሑፉን ሁሉ አርቅቀው ከጨረሱ በኋላ ፖስታ ተከፍቶ «ፈተና ነበር» ተብለዋል። በዚህ ምክንያት እውነተኛው እንግዳ «የውሸት መሆን አለበት» ተብሎ በር ላይ ቆመ።

ይህን ስሰማ ጀርመንም አሜሪካም እንደኛው መሆኑ ገባኝ፤ በሰዓቱ የመጣ ይጠረጠራል። የሠርግ ጥሪ ካርድ ላይ «ከቀኑ 6 ሰዓት» ተብሎ ይጻፋል፤ ከሥሩም ደመቅ ባለ ቀለም «ሰዓት ይከበር» ይላል። አንድ የዋህ ይህን አምኖ 6 ሰዓት ላይ አዳራሹ በር ይደርሳል። አዳራሹን የሚጠርጉት እናት ከእግር እስከ ራሱ ያዩትና፣

«ልጄ፣ የነገውን ሠርግ ነው የምትፈልገው?» ይሉታል።

«የለም እማማ፣ የዛሬውን ነው። 6 ሰዓት ይላል እኮ።»

«ውይ በሞትኩት፤ በል ና እዚያ ጥግ ተቀመጥ፣ ወንበር ላምጣልህ» ይሉታል በሐዘኔታ። ሙሽሮቹ 9 ሰዓት ላይ ሲገቡ ይህ ሰው ጥግ ላይ አንቀላፍቷል። ሰዓት ያከበረ ሰው በሰው ዓይን ወይ ሥራ ፈት ነው፣ ወይ ርቦታል፣ ወይ ደግሞ የሆነ ነገር ሊመለከት የተላከ ነው።

የሞገዱ ዜና በይፋ የተነገረው በዚያው በ2008 ዓ.ም. የካቲት 3 ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሬይነር ዋይስ፣ ባሪ ባሪሽና ኪፕ ቶርን የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ዓለም ከዚህ ግኝት ብዙ ነገር ቀስሟል። አንድ ወዳጄ ግን የቀሰመው ሰበብ ብቻ ነው።

ይህ ወዳጄ ለ10 ሰዓት ቀጥሮ 11 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ብቅ የሚል ሰው ነው። ድሮ ሰበቡ ታክሲ ነበር። ታክሲ ሲረክስበት መብራት፣ መብራት ሲለመድበት ዝናብ፣ ዝናብ በሌለበት ወር ደግሞ አክስቱ ትታመማለች። አሁን ሳይንስ ደረሰለት። ማኪያቶዬ ተጠጥቶ ሁለተኛው እየቀዘቀዘ ሳለ ገብቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣

«ስማ እንጂ፣ ጊዜ ራሱ ይለጠጣል ተብሏል እኮ» አለኝ።

«ማን አለ?»

«አንስታይን ነዋ! ሞገድ ሲያልፍ ጊዜም ይዛነፋል። ታዲያ እኔ ብዛነፍ ምን ይገርምሃል ወንድሜ?»

አንስታይንን ጠርቶ የመጣን ሰው «ለምን ይቅርታ አትልም?» ማለት ትንሽነት ይመስላል። ስለዚህ በናፕኪን ላይ ሂሳቡን ጀመርኩለት። ያ ሞገድ ኃይሉ ጣሪያ ሲደርስ እንኳ ያዛነፈው ከትሪሊዮን ቢሊዮን አንድ እጅ ነው፤ ከ1 ኋላ 21 ዜሮ ደርድሮ በዚያ ማካፈል ማለት ነው። ሞገዱ ከዓለም መፈጠር ጀምሮ እስከ ዛሬ፣ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ሙሉ፣ አንዴም ሳያርፍ ጊዜን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሲጎትት ኖሮ ቢሆን ኖሮ፣ ያጠፋብን ጊዜ ግማሽ ሚሊ ሰከንድ አይሞላም ነበር። ዓይን ለመጨፈንም አይበቃ። እሱ ደግሞ የቆየው የሰከንድ አንድ አምስተኛ ብቻ ነው።

በዚያ ላይ ሞገድ የወሰደውን አያስቀርም። ሲለጥጥ የጨመረውን ሲያኮማትር ይመልሳል፤ ሲያልፍ ሂሳቡ ዜሮ ነው። እጅዎ ላይ ያለው ሰዓትም አይታወከም፤ የልብዎ ምትም፣ ሐሳብዎም፣ ሰዓቱም እዚያው አንድ ላይ ናቸውና የሚያነጻጽሩበት ነገር የለዎትም። ሞገዱ የሚታወቀው ተራርቀው በቆሙ ሁለት ነገሮች መካከል ብርሃን ተመላልሶ ትንሽ ቀደም ወይም ትንሽ ዘግየት ብሎ ሲደርስ ብቻ ነው። «ጊዜ ሲለጠጥ ምን ይሰማናል?» ለሚለው ትልቅ ጥያቄ መልሱ እንግዲህ ይህ ነው፤ ምንም።

ወዳጄ ግን እጅ አይሰጥም። «ቆይ፣ በቅርቡ ደግሞ ሌላ ሞገድ ተገኝቷል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ዓመታት የሚፈጅ!» አለ። ይህስ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2023 ናኖግራቭ የተባለው የተመራማሪዎች ቡድን፣ በአውሮፓ፣ በሕንድ፣ በአውስትራሊያና በቻይና ካሉ አቻዎቹ ጋር በአንድ ጊዜ፣ በጣም ዘገምተኛ የሆነ የስበት ሞገድ ምልክት ማግኘቱን አስታውቋል። አንዱ ሞገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማለፍ ዓመታት ይፈጅበታል። መሣሪያቸው ሰማይ ላይ ነበር፤ ፐልሳር የሚባሉ፣ በሰከንድ መቶዎች ጊዜ የሚሽከረከሩ፣ ምታቸው እንደ ጥሩ ሰዓት የማይዛነፍ የከዋክብት ሬሳዎች። ከ60 በላይ የሚሆኑትን 15 ዓመት ሲያዳምጡ ኖረው፣ ምታቸው አንዳንዴ ቀድሞ አንዳንዴ ዘግይቶ እንደሚደርስ፣ መዛነፉም ሥርዓት እንዳለው ደረሱበት።

«አየህ! ይዘገያል!» አለ ወዳጄ ጠረጴዛውን መትቶ።

«ይዘገያል። ግን በናኖ ሰከንድ የሚቆጠር ነው፤ የሰከንድ ቢሊዮንኛ። እሷን ከሃምሳ ደቂቃህ ላይ ቀንሼልሃለሁ። የቀረውን ማን ይክፈል?»

የማኪያቶውን እንኳ አልከፈለም።

ወዳጄን ለብቻው መኮነን ግን ግፍ ነው። «ጊዜው እኮ ሮጠ!» የማይል ሰው ማን አለ? መስቀል ወጣ ሳይባል ገና ይደርሳል፤ የገና ድፎ ዳቦ ሳያልቅ ዐቢይ ጾም ይገባል። «ዘንድሮስ ቀኑ አጥሯል» የሚሉ እናቶች አሉ። የዘመን ፍጻሜ ምልክት መሆኑን የሚያስረዱ አባቶች አሉ። «ናሳ አረጋግጧል» የሚል ወጣትም አይጠፋም፤ ማስረጃው ጀርባው ላይ የሚያስፈራ ሙዚቃ ያለበት ቪዲዮ ነው። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ጨረቃ ባሕሩን እየሳበች የምድርን ሽክርክሪት ታዘገየዋለች፤ ስለዚህ ቀኑ በመቶ ዓመት ወደ 2 ሚሊ ሰከንድ ገደማ እየረዘመ ይሄዳል። የዓለም ሰዓት ጠባቂዎች የምድርን መንቀርፈፍ ለማካካስ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ 27 ጊዜ አንዳንድ ሰከንድ ጨምረዋል። የመጨረሻዋ የተጨመረችው በ2016 ማብቂያ ላይ ነው፤ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን ሲል። 27 ሰከንድ በነጻ! ምን ሠራንባት? ቢበዛ በስልክ «እየደረስኩ ነው፣ እየደረስኩ ነው» ለማለት በቅታ ይሆናል።

ቀኑ ካልሮጠ የሮጠው ምንድን ነው? ሰኞው ከማክሰኞው፣ ማክሰኞው ከሐሙሱ ሲመሳሰል ትዝታ የሚይዘው ነገር ያጣል፤ ወሩን ዞር ብለን ስናየው ባዶ ሆኖ እናገኘውና «በረረ» እንላለን። አንዱ ደግሞ መኝታው ላይ ሆኖ «አምስት ደቂቃ ብቻ» ብሎ ስልኩን ይከፍታል። አንዲት ሴት ሽንኩርት ስትከትፍ ያያል፣ አንድ ሰው ከዛፍ ሲወድቅ ያያል፣ ሁለት ሰዎች ሲሰዳደቡ ያያል። ቀና ሲል ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ይህንንም ጥቁር ጉድጓድ ነው ያደረገው ካላለ ጥሩ ነው።

ጊዜን የምር የሚያዛንፍ ነገር ከፈለጉ ግን ከተራራ ይጀምሩ። የምድር ስበት በበረታበት ቦታ ጊዜ ይንቀረፈፋል፤ ከፍ ባሉ ቁጥር ይፈጥናል። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ተመራማሪዎች ከሁለት አቶሚክ ሰዓቶች አንዱን 33 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ አድርገው ቀድሞ ሲሄድ ለክተውታል። በዚህ ስሌት ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠው የአዲስ አበባ ሰው፣ ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ከተቀመጠው ሰው በዓመት 8 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ቀድሞ ያረጃል። አስጎብኚዎቻችን ለውጭ እንግዳ የሚነግሯት ቀልድ አለች፤ «እንኳን ደህና መጡ፣ እዚህ ሲገቡ ሰባት ዓመት ወጣት ሆነዋል» የምትል። እንግዳው ይስቃል። አንስታይን ግን አይስቅም። ያ እንግዳ ከባሕር ዳር ከተማ መጥቶ አዲስ አበባ ሁለት ሳምንት ቢሰነብት፣ እዚያው አገሩ ቢቀመጥ ከሚሆነው 300 ናኖ ሰከንድ ያህል አርጅቶ ነው የሚመለሰው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የደረሳቸው ሰዎች «ይህ ቤት አስረጀን» ሲሉ እሰማለሁ። ሊፍት ስለሌለው ነው ብዬ አስብ ነበር። ለካ ምድር ቤት ከሚኖሩት ይልቅ በዓመት 40 ናኖ ሰከንድ ያህል ይቀድማሉ፤ የቀረው የደረጃው ነው።

ይህች ትንሽ መዛነፍ ኪሳችን ውስጥ ሥራ ላይ ናት። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሰዓት ከምድር ሰዓት በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ይቀድማል። መሐንዲሶቹ ይህን ባያርሙት ኖሮ ስልካችን የሚያሳየን ቦታ በአንድ ቀን ውስጥ በ10 ኪሎ ሜትር ያህል ይሳሳት ነበር። ስለዚህ የአንስታይን ቀመር ሳይቋረጥ ይሠራል፣ ሳተላይቱ ሰማይ ላይ ይዞራል፣ ሰማያዊዋ ነጥብ ያለንበትን ቤት ታመለክታለች። ከዚያ የተጠራው ሹፌር ይደውላል። «የት ጋ ነው ያለኸው ወንድም?» «አስፋልቱን ይዘህ ና፣ ድሮ ዳቦ ቤት የነበረበት ጋ ስትደርስ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ደውልልኝ።» ወዳጄም «እየደረስኩ ነው፣ አንድ ፌርማታ ነው የቀረኝ» ይለኛል። የስልኩን መገኛ አጋርቶኝ የረሳ ዕለት ነጥቧ ቤቱ ውስጥ፣ ያውም መኝታ ክፍሉ በኩል፣ ቆማ አያታለሁ። ያ ሁሉ እርማት የተደረገላት ነጥብ እውነቱን ትናገራለች፤ የእሱን አፍ የሚያርም ቀመር ግን ገና አልተገኘም።

«ሰዓቱ ተምታቶብኝ ነው» የምትለዋ ሰበብ ደግሞ በእኛ ዘንድ የተከበረች ናት፤ ምክንያቱም እውነትነት አላት። «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ሳይል ቀጠሮ የሚይዝ ሰው ዕድሉን ነው የሚሞክረው። ትኬቱ ላይ 2፡00 የሚለውን ጠዋት 2 ሰዓት መስሎት፣ ቤተሰቡን ሁሉ አስከትሎ፣ ዓይኑ በእንባ ርሶ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ አውሮፕላኑ ሌሊቱን የሄደበት ሰው ቁጥር ቀላል አይደለም። ይህ ጣጣ ግን የእኛ ብቻ እንዳይመስልዎት። ጆሴፍ ዌበር የተባለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ፊዚሲስት ከሁሉ ቀድሞ የስበት ሞገድን ሊያደምጥ የተነሳ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ግዙፍ የአሉሚኒየም በርሜል መሰል ዘንጎች አንጠልጥሎ አዳመጠ፤ በ1969 «ሰማሁ» አለ። ሌሎች ተመሳሳዩን ሠርተው ቢያዳምጡ ጸጥታ ብቻ ሆነባቸው። ዌበር ግን አልተረታም። ሮቼስተር ያለ የሌላ ቡድን መሣሪያም ከእሱው ጋር በአንድ ቅጽበት እንደመዘገበ አሳየ። ሲጣራ የአንዱ መዝገብ በአሜሪካ ምሥራቅ ሰዓት፣ የሌላው በግሪንዊች ሰዓት የተያዘ ሆኖ ተገኘ። «አንድ ቅጽበት» የተባለው ነገር በመካከሉ አራት ሰዓት ያህል ነበረበት! ዛሬ የዘርፉ ፋና ወጊ ተብሎ በክብር ይነሳል፤ ይገባዋልም። ግን አንድ ሐበሻ ረዳት ቢኖረው ኖሮ ገና ከመነሻው «ፕሮፌሰር፣ በየትኛው ነው?» ብሎ ያድነው ነበር።

አሁን ሰበቦቹ ሁሉ በየተራ ወደቁ፤ ሞገዱም፣ ቀኑም፣ ተራራውም፣ የሰዓቱ መምታታትም። አንድ የሚያጠራጥር ነገር ነበር የቀረኝ፤ ምናልባት አንዳንድ ሰው ሲፈጠር የጊዜ ስሜት ሳይሰጠው ቀርቶ ይሆን? ይህንንም ያፈረሰብኝ ወዳጄ ራሱ ነው። አርሴናል ሲጫወት ከጨዋታው ሃያ ደቂቃ ቀድሞ ገብቶ ስክሪኑ ፊት ያለውን ወንበር ይይዛል። ሎንዶን ሰዓቷን በበጋና በክረምት ስትቀያይር አንድም ቀን ተምታቶበት አያውቅም። ለቅሶም ላይ እንዲሁ ነው። ቀብር 9 ሰዓት ከተባለ 9 ሰዓት ነው፤ እድሩ የቀረውን ይቀጣል፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ነጠላውን ዘቅዝቆ በሰዓቱ ይገኛል። በሕይወት ሳለ አንድ ቀጠሮ ያላከበሩለት ሰው ሲሞት በደቂቃ ይከበርለታል። ሞገዱ የሚያስረፍደን ቢሆን ኖሮ ኳሱንና ቀብሩን ለይቶ እንዴት ማራቸው?

ነገሩ የሚገባን ወደ አዳራሹ ስንመለስ ነው። መርሐ ግብሩ ጠዋት 3 ሰዓት ይጀምራል ይላል። ሦስት መቶ ሰው ተቀምጧል። የክብር እንግዳው አልመጡም። 3 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ መድረክ መሪው «እንግዳችን በመንገድ ላይ ናቸው» ይላል። 4 ሰዓት ይሆናል፤ ዘፈን ይከፈታል። 4 ሰዓት ተኩል ላይ ቪ8ቷ ከነአጃቢዎቿ ትገባለች፤ ሰው ይነሳል፣ ያጨበጭባል። በሦስት መቶ ሰው ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ሲባዛ 450 ሰዓት ነው፤ ስምንት ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ሠራተኛ ከ56 ቀን በላይ ደመወዝ። ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ሦስት ፀሐይ አቃጥለው ሊያዛንፉ ያልቻሉትን ጊዜ አንድ መኪና ጥቁር መስታወቷን ዘግታ አዛነፈችው።

አንስታይን ከመቶ ዓመት በፊት ያለውም ይህንኑ ነው፤ ከባድ ነገር ባለበት አካባቢ ጊዜ ይንቀረፈፋል። ወንበሩ በከበደ ቁጥር በዙሪያው ያሉት ሰዓቶች ይጎተታሉ። ጸሐፊዋ አለቃዋን ትጠብቃለች፣ ባለጉዳዩ ጸሐፊዋን ይጠብቃል፣ ባለጉዳዩን ደጅ ላይ ልጁ ይጠብቀዋል። አለቃ ሚኒስትርን አይቀድምም፤ ተላላኪ አለቃን አያስጠብቅም። ወዳጄም አለቃው ሲጠራው በአንድ ደቂቃ ይገኛል፤ እኔ ቀላል ስለሆንኩ እጠብቃለሁ። አርሴናል አይጠብቀውም፤ ሟችም አይጠብቀውም፤ ስለዚህ ለሁለቱ ይደርሳል። የምናረፍደው ጊዜ ስላጠረን ሳይሆን የሚጠብቀንን ሰው መዝነን ቀሎ ስላገኘነው ነው። በሰማይና በምድር መካከል ያለው ልዩነት አንድ ብቻ ነው፤ ሞገዱ የወሰደውን በዚያው ሰከንድ ይመልሳል፤ እኛ ግን «በናትህ፣ አትቀየመኝ» ብለን እንዘጋዋለን።

ደግነቱ የዚህ ሁሉ ሐሳብ አባትም እንደኛው የሚሳሳት ሰው ነበር። አንስታይን የስበት ሞገድ ይኖራል ያለው እ.ኤ.አ. በ1916 ነው። በ1936 ደግሞ ከናታን ሮዘን ጋር ሆኖ «የለም» የሚል ጽሑፍ ጽፎ ለፊዚካል ሪቪው መጽሔት ላከ። አዘጋጁ እንደ ደንቡ ለሌላ ባለሙያ አሳየው፤ ባለሙያውም «ስህተት አለው» ብሎ መለሰ። አንስታይን ተቆጣ። ሳይታተም ለሰው እንድታሳዩት አልፈቀድኩም ብሎ ጽሑፉን ሰበሰበ፤ አኮረፈ፤ ከዚያ በኋላ ለዚያ መጽሔት ሌላ ጥናት አልሰጠም። ኩርፊያው እንዳለ ሆኖ ስህተቱ ውሎ አድሮ ገባው። ጽሑፉ በሌላ መጽሔት በ1937 ሲወጣ መደምደሚያው ተገልብጦ ነበር፤ ሞገዱ አለ።

ወዳጄም ይህን ሲያነብ ማኩረፉ አይቀርም። ያኩርፍ፤ መብቱ ነው። ሰበቡን ከአንስታይን ከተበደረ ግን እርማቱንም ከእሱው ይበደር። የሚቀጥለው ቀጠሯችን ሐሙስ 10 ሰዓት ነው፤ በሐበሻ።